ጥቁር መስመር ያላት ትንሿ ዓሣ፦ አፏን አይተሻል?

እህቴ፣ ቀይ ባሕር ዳር ባለችው የእስራኤል ከተማ ኤላት ፎቶ ያነሳሻትን ጣት የምታህል ሰማያዊ ዓሣ፣ ከፊቷ እስከ ጅራቷ ጥቁር መስመር ያለባትን፣ «ማን ናት?» ብለሽ ጠይቀሻል። ሦስት ሰዎች «አጽጂዋ ናት»፣ የሌሎችን ዓሦች ተባይ እየለቀመች የምትበላው ማለታቸው ነው፣ ብለው መልሰውልሻል። እኔም ድሮ ቢሆን እንደዚያው እል ነበር። አሁን ግን አፏን ሳላይ አልፈርድም።

እዚያው ቀይ ባሕር፣ የኮራሉ ጥብቅ ቦታ ውስጥ፣ ፊቴን ውኃ ውስጥ ደፍቼ አንድ ትልቅ ዓሣ እያየሁ ነበር። ክንፉን ዘርግቶ ቀጥ ብሏል፤ ፀጉር አስተካካይ ቤት አንገቱን እንደሰጠ ሰው። ያንቺን የምትመስል ዓሣ ጠጋ አለችው። ተባዩን ትለቅምለታለች ብዬ ስጠብቅ ከጅራቱ ቦጨቅ አድርጋ እልም! ትልቁ ደንግጦ ዞረ፤ ማንን ይያዝ?

ለካ እሷ አጽጂ አይደለችም። ብሌኒ ከሚባሉት ወገን ናት፣ ሳይንሳዊ ስሟ አስፒዶንተስ። እውነተኛዋ አጽጂ ላብሮይደስ ዲሚዲያተስ ትባላለች። አስመሳይዋ በቀለም ቁርጥ እሷን ናት። ወደ ላይና ወደ ታች እያለች የምትደንሰውን ዳንስ ሳይቀር ትኮርጃለች። የማትኮርጀው አፏን ብቻ ነው። የእውነተኛዋ አፍ ፊቷ ጫፍ ላይ ነው። የአስመሳይዋ ከሥር ገባ ብሎ አፍንጫዋ ከላይ ይጋርደዋል፤ የሻርክን አፍ አስቢ። ይህ የሚታየው ከጎን ብቻ ነው፣ ያንቺ ፎቶ ደግሞ ከላይ ነው የተነሳው።

ሁለተኛው ፎቶሽ ይቀላል። ብርቱካናማዎቹ ዓሦችና መሐላቸው ያለው ሐምራዊ እንዳልሽው «ሁለት ዓይነት» አይደሉም፤ ሁሉም አንቲያስ የሚባሉ ዓሦች ናቸው። ብርቱካናማዎቹ ሴቶች ናቸው፣ ሐምራዊው ወንድ። ጀርባው ላይ እንደ ክር የረዘመችውን እሾህ እዪ፣ እሷ የወንዱ ምልክት ናት። ወንዱ ከጠፋ ከሴቶቹ አንዷ ቀለሟንም ፆታዋንም ቀይራ ቦታውን ትይዛለች። እዚያ ሠፈር በቀለም ብቻ የሚፈርድ ሰው ብዙ ይሳሳታል።

በአኔሞኒ፣ አበባ በሚመስለው የባሕር እንስሳ፣ ውስጥ የተደበቀችው ዓሣ ደግሞ «ፋይንዲንግ ኒሞ» የሚባለው የልጆች ፊልም ላይ ያለችው አይደለችም። ያቺ ቀይ ባሕር የለችም፣ ነጭ ቀበቶዋም ሦስት ነው። ያንቺዋ ሁለት አላት።

የመጀመሪያዋን ከጎን ያነሳሽው ካለ ለጥፊው። ቢደበዝዝም ግድ የለም፣ አፏ ከታየ ይበቃኛል።