ስለ ልጆቻችን አእምሮ ጤና ኦሎምፒያ ላይ እንናገር (ጥያቄና መልስ)

ሐኪምም ጠበቃም አይደለሁም። ሲያትል አካባቢ ልጆች የማሳድግ፣ የዋሽንግተን ክልል ሕግ አውጪ ምክር ቤት ሲከፈት ወደ ክልሉ ዋና ከተማ ኦሎምፒያ ሄጄ ስለ ቤተሰብ አገልግሎት የምናገር እናት ነኝ። ከላካችሁልኝ ጥያቄዎች ብዙ ሰው የሚነኩትን መርጫለሁ።

እህቴ፣ ልጄ 14 ዓመቷ ነው። ያለ እኔ ፈቃድ ካውንስለር (የምክር ባለሙያ) ጋ መሄድ ትችላለች አሉኝ። እውነት ነው? (እናት፣ ከኬንት)

እውነት ነው። በዋሽንግተን ሕግ 13 ዓመት የሞላው ልጅ ወላጁን ሳያስፈቅድ የአእምሮ ጤና የተመላላሽ ሕክምና ማግኘት ይችላል። መጀመሪያ ስሰማ ደሜ ፈልቶ ነበር። በኋላ ሳስበው ግን፣ ቤት ውስጥ «ምን ጎደለብህና ትጨነቃለህ?» የሚባል ልጅ የት ይሂድ?

ለወላጅም በር አለ። በ2019 በወጣ ሕግ፣ ከ13 እስከ 17 ዓመት ያለውን ልጅሽን እምቢ ቢልም ወስደሽ ማስመርመር ትችያለሽ። ባለሙያው ሕክምና ያስፈልገዋል ካለና ለማከም ከተስማማ፣ ልጁ ባይፈቅድም በሦስት ወር ውስጥ እስከ 12 ጊዜ ሊያየው ይችላል። ይህ ሕግ እንዲወጣ ከታገሉት መካከል ልጃቸውን ማሳከም ያቃታቸው ወላጆች ነበሩ። እኛ ግን ገመና ነው ብለን ዝም እንላለን። ዝም ስንል በጀቱም ያለ እኛ ይመደባል።

ግሪን ካርድ ብቻ ነው ያለኝ። ምክር ቤቱ ፊት ብናገር ችግር ያመጣብኛል? (የኡበር ሹፌር፣ ከሲታክ)

ወንድሜ፣ ዜግነት የሚያስፈልገው ለመምረጥ ነው። የሕግ ረቂቅ በሚያየው የምክር ቤቱ ኮሚቴ ፊት ለመናገር ማንም ዜግነትህን አይጠይቅህም። ኦሎምፒያ ድረስ መንዳትም የለብህም፤ በምክር ቤቱ ድረ ገጽ ተመዝግበህ በቪዲዮ መናገር፣ ወይም ጽፈህ መላክ ትችላለህ። ስሜን ብቻ የረቂቁ ደጋፊ ብላችሁ መዝግቡልኝ ማለትም ይቻላል። እሱም ይቆጠራል።

አንድ ነገር ግን ተጠንቀቅ። የተናገርከው ተቀርጾ ኢንተርኔት ላይ ይቀመጣል። የልጅህን ስም አትጥራ። ጥገኝነት ጠይቆ ገና መልስ የሚጠብቅ ሰው ደግሞ አስቀድሞ ጠበቃውን ያማክር።

ክሊኒክ ስንሄድ የሚያስተረጉምልኝ የ12 ዓመት ልጄ ነው። ጥሩ አይደለም እንዴ? (እናት፣ ከተክዊላ)

አይደለም እህቴ። እኔም አንዴ ተሳስቻለሁ። ክሊኒክ ውስጥ ትንሿ ልጄ «መኖር ሰልችቶኛል» ስትል ትልቁ ልጄ «ደክሟታል» ብሎ ተረጎመልኝ። ሊጠብቀኝ ብሎ ነው። ያን ሸክም ልጅ ላይ መጫን አልነበረብኝም፤ ክሊኒኩም አስተርጓሚ አላቀረበልንም።

ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ክሊኒክ አስተርጓሚ በነጻ የማቅረብ ግዴታ አለበት። ከድንገተኛ አደጋ በስተቀር ልጅን ማስተርጎም አይፈቀድለትም። ቀጠሮ ስትይዢ «የአማርኛ አስተርጓሚ» በይ።

ልጄ ጭንቀት ይዞት ከትምህርት ቤት ቢቀር ያለ ምክንያት እንደቀረ ይመዘገብበታል?

ከ2022 ጀምሮ የአእምሮ ጤና ችግር በዋሽንግተን ከትምህርት ቤት ለመቅረት እንደ በቂ ምክንያት ይቆጠራል። ደውለሽ አሳውቂ።

ልጄ፣ የልጅ ልጄን ጸበል እየወሰድኳት ነው። ሌላ ምን ያስፈልጋታል? (አያት፣ ከሲያትል)

እማማ፣ ጸበሉን አይተዉ። ካውንስለሩም ይጨመር፤ አንዱ ሌላውን አይከለክልም። ራሷን ስለማጥፋት ካወራች ግን ቀጠሮ አይጠብቁ። ራስን ስለማጥፋት ለሚያስቡ ሰዎች የተዘጋጀው የእርዳታ መስመር 988 ላይ ይደውሉ፤ ቀንም ሌሊትም ይሠራል። አፋጣኝ አደጋ ካለ 911 ነው።

መቼ ነው የምንናገረው? ምንስ እንበል? (አባት፣ ከሬንተን)

ምክር ቤቱ በየዓመቱ ጥር ወር ላይ ይከፈታል። በፈረንጅ አቆጣጠር ዓመቱ ጎዶሎ ቁጥር ሲሆን 105 ቀን፣ ሙሉ ሲሆን 60 ቀን ይሰበሰባል። የሁለት ዓመቱ በጀት የሚጸድቀው በጎዶሎው ነው። ብዙ የሕግ ረቂቆች በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ስለሚወድቁ፣ ቶሎ ነው መናገር።

የሚሰጥህ አንድ ወይም ሁለት ደቂቃ ነው። የምትኖርበትን ከተማ፣ የረቂቁን ቁጥር፣ ቤትህ የደረሰውን አንድ ነገር፣ የምትጠይቀውን ተናገር። «ልጄ አማርኛ የሚያውቅ ባለሙያ አጥታ ወራት ጠበቀች። ይህን ረቂቅ ደግፉ» ካልክ ይበቃል። እንግሊዝኛህ ቢሰበርም ተናገር።