ጥያቄና መልስ፦ ልጄን የፈወሰው ጾሙ ነው?

ጥያቄ፦ መምህር፣ ቃለ ሕይወት ያሰማልን። የአምስት ዓመት ወንድ ልጅ አለኝ። ከሕፃንነቱ ጀምሮ ቆዳው እያሳከከው፣ እየቆሰለና እየደማ ነው ያደገው። ሐኪሙ የወተትና የእንቁላል አለርጂ እንዳለበት ነግሮን ነበር፤ ቤተሰቡ ግን «ጥቂት አይጎዳውም» እያለ መስጠቱን አልተወም። በዐቢይ ጾም ከእኛ ጋር ሽሮና ምስር ሲበላ ከርሞ ቆዳው ጠራ፣ ሌሊትም ተኝቶ ማደር ጀመረ። ጾሙ ስለፈወሰው ዕድሜውን ሙሉ በጾም ምግብ ብቻ ላሳድገው አስቤአለሁ። ጎረቤቶቼ «በበዓለ ሃምሳ ልጅ ማስጾም ሕግ መተላለፍ ነው» ይሉኛል። አማቴ ደግሞ ቅቤ ያልቀመሰ ልጅ አይጠነክርም ብለው ተቆጥተዋል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እኅታችን፣ ልጅሽ ተኝቶ ማደሩን ስሰማ እግዚአብሔርን አመስግኛለሁ። ሲያክክ የሚያድር ሕፃን ያለበት ቤት እንዴት እንደሚያነጋ አውቃለሁ።

ለጎረቤቶችሽ የሚሰጠው መልስ አጭር ነው፤ ልጅሽ እየጾመ አይደለም። በበዓለ ሃምሳ ጾም የለም ማለት ምእመን ሁሉ የግድ ሥጋና ቅቤ ይብላ ማለት አይደለም። በቤቱ ከሽሮ ሌላ የሌለው ድኻ በእነዚያ ቀናት ሽሮውን ቢበላ ማን ሕግ ተላለፍህ ይለዋል? ቁርሱን፣ ምሳውንና እራቱን በልቶ፣ በትንሣኤው ደስታ ሲጫወት የዋለ ልጅ ወተት ስላልጠጣ ጾመ አይባልም።

እኔን ይበልጥ ያሳሰበኝ አንቺ ራስሽ የጻፍሽው ቃል ነው። «ጾሙ ፈወሰው» ብለሻል። ይህን አሳብ በልዩ ልዩ መልኩ ብዙ ጊዜ አግኝቼዋለሁ። ሥሩ አንድ ነው፤ ጾምን የምግብ ዝርዝር አድርጎ መቁጠር። በዚህ የተነሣ አንዱ፣ ሐኪም ወተት ያዘዘላትን በሽተኛ እናት «በጾም ወተት ጠጣሽ» ብሎ ያስለቅሳታል። ሌላው ክብደቱ እንዲቀንስለት ሁለት ወር ቅባት ይተውና ጾምሁ ይላል፤ ጸሎት የለ፣ ምጽዋት የለ፣ ከወንድሙ ጋር እንደተኳረፈ ትንሣኤ ይደርሳል። ኢሳይያስ በምዕራፍ 58 የገሠጸው እንዲህ ያለውን ሰው ነው።

የቤተ ክርስቲያናችን የሕግ መጽሐፍ ፍትሐ ነገሥት በአንቀጽ 15 ጾምን ሲተረጉም፣ ሰው በሕግ በታወቀ ጊዜ ከምግብ መከልከሉ፣ ይህንም የሚያደርገው ኃጢአቱ እንዲሰረይለትና ሥጋው ለነፍሱ እንዲታዘዝ ፈልጎ እንደሆነ ያስተምራል። ጊዜ አለው፣ ፈቃድ አለው፣ የሚቀርብለት አምላክ አለው። የአምስት ዓመቱ ልጅሽ ግን የሚሰረይለት ኃጢአት ፈልጎ ወተት አልተወም። እናቱ ያቀረበችለትን በላ። የሚጎዳው ወተትና እንቁላል ከገበታው ተነሡ፣ ቆዳውም አረፈ። እነዚያኑ ምግቦች በጥቅምት ወር ብታስተዪው ኖሮ በጥቅምት ያርፍ ነበር።

ይህን ስል የእግዚአብሔርን ቸርነት ልነፍግሽ አይደለም። ሐኪሙ ነግሮሽ ቤተሰቡ ያልተቀበለውን ነገር በጾሙ ወቅት በዓይናችሁ እንድታዩ አድርጓል፤ ስለዚህ ማመስገንሽ ተገቢ ነው። ነገር ግን የፈወሰው ጾሙ ነው ብለሽ ከያዝሽ ሁለት ስሕተት ይከተልሻል፤ ሁለቱም ልጁን ይጎዱታል።

የመጀመሪያው፣ የጾም ምግብ ሁሉ አይጎዳውም ብለሽ መዘናጋትሽ ነው። ሐኪሞች ብርቱ አለርጂ ያመጣሉ ከሚሏቸው መካከል ኦቾሎኒ፣ ሰሊጥ፣ ስንዴና አኩሪ አተር አሉ፤ አራቱም ከጾም ገበታችን አይጠፉም። ምስርና ሽምብራ የማይስማማቸው ልጆችም አሉ። ሁለተኛው፣ ያልበደለውን ምግብ አብሮ መክሰስ ነው። ሐኪሙ የነገረሽ ወተትና እንቁላል ነው። ሥጋና ዓሣ የማይጎዱት ከሆነ በምን ምክንያት ትከለክይዋለሽ? ለደምና ለነርቭ የሚያስፈልገው ቫይታሚን ቢ12 በአትክልትና በጥራጥሬ ውስጥ አይገኝም። ወተት የተወ ልጅ ደግሞ ካልሲየሙን ከየት እንደሚያገኝ ሊታሰብለት ይገባል። ከእንስሳት የሚገኘውን ሁሉ ለማስቀረት የሚያበቃ ምክንያት ቢኖር እንኳ ያለ ሐኪም ምክር አይደረግም። «እግዚአብሔር የፈጠረው ሁሉ መልካም ነውና፥ ከምስጋናም ጋር ቢቀበሉት ምንም የሚጣል የለም» (1ኛ ጢሞ. 4፥4)። ወተቱም መልካም ነው፤ የአንቺ ልጅ ሰውነት አልተቀበለውም እንጂ።

ነቢዩ ዳንኤልን የሚጠቅሱልሽ ይኖራሉ። ጥራጥሬ በልቶ ፊቱ አማረ፣ ይኸው ማስረጃው ይላሉ። ዳንኤል የንጉሡን ማዕድ የተወው እንዳይረክስ ብሎ ነው፤ ጤና ሊፈልግበት አልነበረም። በምዕራፍ 10 ደግሞ ለሦስት ሳምንት ባዘነ ጊዜ ሥጋና ጠጅ በአፉ እንዳልገባ ይናገራል። በሌላው ጊዜ የማይቀምሰው ቢሆን ኖሮ ለእነዚያ ሳምንታት ተውሁ ባላለ ነበር።

የሐኪሙን ቀጠሮና ቅባት አቋርጠሽ እንደሆነ አልጻፍሽልኝም። አቋርጠሽ ከሆነ ዛሬውኑ ተመለሺ። ንጉሡ ሕዝቅያስ ታሞ፣ አልቅሶ በጸለየ ጊዜ ጸሎቱ ተሰማ፤ ኢሳይያስ ግን በእባጩ ላይ የበለስ ጥፍጥፍ እንዲያደርጉለት አዘዘ (ኢሳ. 38፥21)። ጸሎቱን የሰማው አምላክ በለሱንም አልናቀም። ወደ ጸበሉም ውሰጂው፤ መድኃኒቱንም ቀቢው።

አሁን በብርቱ የምነግርሽ ነገር አለ። አለርጂ የሆነበትን ምግብ ለሳምንታት ትቶ የቆየ ልጅ ድንገት ሲቀምሰው ከቀድሞው የከፋ ሊያገኘው ይችላል። ስለዚህ የፋሲካን ሌሊት እፈራልሻለሁ። ዶሮ ወጡ ቅቤና እንቁላል አለበት፤ ዘመድ ሁሉ በፍቅር ያጎርሳል፤ «ለበረከት ቅመስ» የማይል የለም። ቅቤው ቢነጠርም የወተቱ ርዝራዥ አይጠፋም። ለልጅሽ የራሱን ድስትና ማማሰያ ለዪለት፤ ለዘመዶችሽ ቀድመሽ ንገሪ። ከንፈሩ ወይም ምላሱ ቢያብጥ፣ ትንፋሽ ቢያጥረው፣ ቢያስመልሰው ወይም ቢዝለፈለፍ ፈጥነሽ ወደ ሐኪም ቤት ውሰጂው እንጂ እስኪያልፍለት አትጠብቂ። ለበረከት ጉርሻው የራሱ ወጥ ይበቃዋል።

አማትሽን በቁጣ አትመልሺላቸው። ልጅ በቅቤ ያሳደጉ እናት ናቸው፤ የሚናገሩትም ለልጅ ልጃቸው ስለሚሳሱ ነው። በሚቀጥለው ቀጠሮ ይዘሻቸው ሂጂና ሐኪሙ ራሱ ያስረዳቸው። የልጁንም ምግብ የሚሠሩት እርሳቸው ቢሆኑ ይበልጥ ደስ ይላቸዋል።

የወተትና የእንቁላል አለርጂ ብዙ ልጆችን ሲያድጉ ይለቃቸዋል። ስለዚህ «ዕድሜውን ሙሉ» ያልሽውን ተዪው፤ መቼ እንደሚሞከርም የሚወስነው ሐኪሙ ነው፣ በቤት አትሞክሪ። ሰባት ዓመት ሞልቶት መጾም ሲጀምር ወተት ያልጠጣበትን ቀን ጾም ብለሽ አትቁጠሪለት፤ ድሮም አይጠጣምና። ከንስሐ አባታችሁ ጋር ተማክራችሁ አቅሙ የሚችለውን ሰዓት ይቆይ፣ ወይም የሚወደውን ጣፋጭ ይተው፤ የተወውንም ለጎረቤት ልጅ በገዛ እጁ ይስጥ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።