ለአስራ ሁለተኛ ክፍል ልጆች፣ ከጅማ

ጡረታ እስክወጣ ድረስ እዚሁ ጅማ የዩኒቨርሲቲ አንደኛ ዓመት ተማሪዎችን ሂሳብ አስተምሬያለሁ። የጎረቤት ልጆች ዛሬም ደብተራቸውን ይዘው ይመጡብኛል። ደስ ነው የሚለኝ፣ አትጥፉ።

የአስራ ሁለተኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተናን ውጤት ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ለመጀመሪያ ጊዜ በዩኒቨርሲቲ ግቢ በተሰጠው የ2014 ዓ.ም. ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2017 ዓ.ም. 8.4 በመቶ ደረሰ። ደግ ነው። እኔን የሚከነክነኝ ሌላው ቁጥር ነው። በ2015 ዓ.ም. 1,328 ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። አንድም! የአንድ ትምህርት ቤት ልጅ በሙሉ ሰነፍ ሊሆን አይችልም። «የዛሬ ልጅ አያነብም» ለሚላችሁ ይህን ንገሩት።

እስቲ የእኛኑ አካባቢ እንይ። የዴዶ ገጠር ልጅ እስከ ስምንተኛ ክፍል ሂሳቡንም ሳይንሱንም በአፋን ኦሮሞ ይማራል። በአፍ መፍቻ ቋንቋ መማሩ ትክክል ነው። ጣጣው የሚመጣው ዘጠነኛ ላይ ነው። ክረምት አልፎ መስከረም ሲጠባ መጽሐፉ ሁሉ እንግሊዝኛ ሆኖ ይጠብቀዋል። የከተማ የግል ትምህርት ቤት ልጅ ያንን ቋንቋ ከኬጂ ጀምሮ ለምዶታል። በዚያ ላይ ቡናው አለ። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ለቀማ ነው፣ ብዙ ልጅ ከክፍል ይጠፋል። አስተማሪው ግን ምዕራፉን ይዞ ይሄዳል። አባትን በዚህ መውቀስ አልችልም፤ የደብተሩም የዩኒፎርሙም ብር ከዚያው ቡና ነው የሚወጣው። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ከፊሉ ተማሪ በኮምፒውተር ይፈተናል። ማውስ ጨብጦ የማያውቅ ልጅ ሰዓቱ የሚያልቅበት ገና ጥያቄው ጋ ሳይደርስ ነው።

እንግዲህ ከገጠር ለመጣችሁት። «ሊሚት አልገባኝም» ብሎ ቢሮዬ የሚመጣን ልጅ አንድ ሁለት ጥያቄ አሠራው ነበር። አብዛኛውን ጊዜ የቸገረው ሊሚቱ አይደለም። ክፍልፋይ ማቃለል ነው፣ ፋክተር ማድረግ ነው። የዘጠነኛ ክፍል ነገር። ስለዚህ የአስራ ሁለተኛውን መጽሐፍ ደጋግሞ ማንበብ አያወጣችሁም። ሳታፍሩ የዘጠነኛውን ክፈቱ። ሾርት ኖት ሳይሆን መጽሐፉን ራሱን፤ ፒዲኤፉ ቴሌግራም ላይ ሞልቷል። መልመጃውን ከመጀመሪያው ጀምራችሁ በእጃችሁ ሥሩ። የማታውቁትን የእንግሊዝኛ ቃል በአፋን ኦሮሞ ወይም በአማርኛ ትርጉሙን ጻፉበት። ትምህርቱን ለጓደኛችሁ በገዛ ቋንቋችሁ አስረዱት። ከዚያ ያንኑ በእንግሊዝኛ ጻፉት። አሰልቺ ነው፣ አልዋሻችሁም።

የከተማዎቹ ደግሞ አትኩራሩ። እናንተን የማውቃችሁ በወርክሺትና በአስጠኚ ነው። ጥያቄው በለመዳችሁት መልክ ሲመጣ ትመቱታላችሁ። ትንሽ ሲለወጥ አስተማሪውን ቀና ብላችሁ ታያላችሁ። ዩኒቨርሲቲ ደግሞ የሚከታተላችሁ ሰው የለም። ሃንድአውት ይሰጣችኋል፣ ፈተናው ቀን ትገናኛላችሁ። ካሁኑ ያለ አስጠኚ፣ ስልክ ዘግታችሁ፣ አንድ ከባድ ጥያቄ ላይ ሰዓት ሙሉ መቆየትን ተለማመዱ።

ሬሜዲያል፣ ማለትም የማለፊያውን ነጥብ ላላመጡ ዩኒቨርሲቲ ከመግባታቸው በፊት የሚሰጠው የማካካሻ ትምህርት፣ የደረሳችሁም አንገታችሁን አትድፉ። እንዲያውም ወደ ኋላ ተመልሳችሁ ክፍተቱን እንድትሞሉ ጊዜ የተሰጣችሁ እናንተ ናችሁ። ጊዜው ግን አጭር ነው፣ የመጀመሪያውን ሳምንት ዶርም በማሳመርና ከተማ በመዞር አትጨርሱት። ሾልኬ አልፋለሁ የሚልም ካለ፣ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የዩኒቨርሲቲ ትምህርት መጨረሻ ላይ የመውጫ ፈተና አለ። እዚያ ይያዛል።

አንድ ነገር ልለምናችሁ። ያለፋችሁት ክረምት ላይ ወደ ቀበሌያችሁ ስትመለሱ፣ ስምንተኛን ጨርሶ ዘጠነኛ የሚገባ ልጅ ፈልጉ፤ ወንድም እህት፣ የአክስት ልጅ፣ የጎረቤት። የሂሳቡንና የፊዚክሱን የእንግሊዝኛ ቃላት መስከረም ሳይገባ አስጠኑት። ስልክ ብቻ የሚያውቀውን ደግሞ ላፕቶፕ ያለው ሰው ካለ ለአንድ ሁለት ቀን ማውስ አስይዙት።