«ማረኝ» ማለት እውነት ነው ወይስ ሐሰት?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? ፍልስፍና የሚያጠናው ወንድሜ «እውነት ወይም ሐሰት የሚባለው ነገሩ እንዲህ ነው ብሎ የሚናገር ቃል ብቻ ነው፤ ጸሎት እውነትም ሐሰትም አይደለም» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ስጸልይ ሐሳቡ ይረብሸኛል። ደግሞስ ጌታ «እኔ መንገድና እውነት ሕይወትም ነኝ» ያለው እንዴት ነው? አካል እውነት ይባላል?

መልስ፦ እኅቴ፣ ወንድምሽ አልተሳሳተም። አሪስቶትልም ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4ኛው መቶ ዓመት ይህንኑ ብሏል። «በሩ ተከፍቷል» ብትዪኝ፣ አይቼ «እውነትሽን ነው» ወይም «ተሳስተሻል» እልሻለሁ። «በሩን ክፈትልኝ» ብትዪኝ ግን «ውሸትሽን ነው» ብዬ አልመልስልሽም። «አቤቱ ማረኝ»ም ልመና ነው። ልመና የሚጠብቀው ምሕረትን ነው፤ ማስረጃ አይጠየቅበትም። ስለዚህ አትረበሺ።

ግን «ማረኝ» የሚል ሰው ዝም ብሎ አይለምንም። መበደሉን አምኗል። የሚሰማው እንዳለም አምኗል። እነዚህ ሁለቱ እውነት ወይም ሐሰት ይሆናሉ። ጸሎቱ የቆመው በእነርሱ ላይ ነው። ዳዊትም እግዚአብሔር «በእውነት ለሚጠሩት» ቅርብ ነው ይላል። ጥሪው መግለጫ አይደለም፤ በእውነት መጥራት ግን አለ። ከንፈር አንድ ነገር ሲል ልብ ሌላ ቦታ ከሆነ፣ ያኔ ነው መረበሽ።

ይህን መለየት መጽሐፍ ስናነብም ይጠቅመናል። በመዝሙር «አምላክ የለም» የሚል ቃል አለ። ሰነፍ በልቡ እንዲህ ማለቱ እውነት ነው፤ ያለው ነገር ግን ሐሰት ነው። እባብም ለሔዋን «ሞትን አትሞቱም» ብሏል። «ተጽፏል» ብቻ ብሎ አንዲት ሐረግ መዝዞ መከራከር ስንቱን አሳስቷል! ማን ተናገረው? ለማን? መግለጫ ነው፣ ትእዛዝ ነው፣ ምሳሌ ነው? ይህን ሳንጠይቅ አንለፍ።

ወደ ከባዱ ጥያቄሽ ልምጣ። በግእዝ እውነት «አማን» ነው። አመነ፣ እምነት፣ ታማኝ፣ አሜን፣ ሁሉም የአንድ ሥር ቃላት ናቸው። «እውነተኛ ወዳጅ» ስንል ወዳጃችን ዐረፍተ ነገር ነው ማለታችን አይደለም። ብንደገፈው አይከዳንም ማለታችን ነው። ጌታ ግን ከዚህም አልፎ «እውነት ነኝ» አለ። የእኛ ቃል እውነት የሚሆነው ካለው ነገር ጋር ሲገጥም ነው። ያለው ሁሉ ደግሞ የተገኘው ከእርሱ ነው። እርሱን የምንለካበት ሌላ ሚዛን ከየት እናመጣለን? ጲላጦስ «እውነት ምንድር ነው?» ብሎ ሲጠይቅ እውነት ራሱ ፊቱ ቆሞ ነበር። መልሱን ግን ሳይጠብቅ ወጣ።

አሁን ወደ ጸሎትሽ ተመለሺ። የሃይማኖትን ጸሎት ስትጨርሺ «አሜን» ትያለሽ፤ «እውነት ነው» ማለትሽ ነው። «ማረኝ» ብለሽም «አሜን» ትያለሽ፤ እዚያ ደግሞ «ይሁንልኝ» ነው። ቃሉ ያው አንድ ነው። ጌታ «እውነት እውነት እላችኋለሁ» ሲል በግሪኩ ወንጌል የተጻፈው «አሜን አሜን» ነው። እኛ በመጨረሻ የምንለውን እርሱ ንግግሩን ይጀምርበታል።