ጓቲማላ ገጠር ለመሄድ ላሰበችው እህታችን

የእህታችን ጥያቄ ባጭሩ ይህ ነው። «26 ዓመቴ ነው፣ አሜሪካ ነው የምኖረው። ጓቲማላ ተራራማ ገጠር ውስጥ ለአንድ ዓመት በበጎ ፈቃድ ላገለግል አስቤያለሁ። ቤተሰቤ አብደሻል እያለኝ ነው። ምግቡ፣ ጾሙ፣ ቋንቋው፣ ደህንነቱ እንዴት ነው? ጥቁር መሆኔስ?» እኔ ዌዌቴናንጎ በሚባለው ክፍለ ሀገር፣ ማም ከሚባሉት የማያ ሕዝቦች ጋር ኖሬያለሁ። ትንሽ ይረዝማል፣ ቡና ይዘሽ አንብቢው።

ከወረቀቱ ልጀምር። ፒስ ኮር፣ ወላጆቻችን የሰላም ጓድ የሚሉት፣ የሚቀበለው የአሜሪካ ዜጋ ብቻ ነው። ግሪን ካርድ አይበቃም። መደበኛ አገልግሎቱም 27 ወር ነው። አንቺ አንድ ዓመት ካልሽ በትንሽ ድርጅት በኩል መሄድሽ ነው፣ እኔም እንደዚያው ነበርኩ። በቱሪስትነት ስትገቢ 90 ቀን ይሰጡሻል። ያ 90 ቀን ግን ለጓቲማላ፣ ለኤል ሳልቫዶር፣ ለሆንዱራስና ለኒካራጓ አንድ ላይ ነው። ሆንዱራስ ደርሼ ልመለስ ብትይ ቆጠራው አይታደስም። ስለ መኖሪያ ፈቃድ ድርጅቱን ከአሁኑ ወጥረሽ ያዢው።

ወደ ቤተሰብሽ ልምጣ። «አሜሪካ ለመግባት ስንቱ ይሞታል፣ አንቺ ገጠር ልግባ ትያለሽ?» ብለውሽ ይሆናል። ይህንኑ ጥያቄ መንደሩም ይጠይቅሻል። ከብዙው ቤት አንድ ሰው «ሰሜን» ነው ያለው። በበቆሎ ማሳ መሃል ባለ ሦስት ፎቅ የብሎኬት ቤት ታያለሽ። ባለቤቱ አሜሪካ ጣሪያ ይሠራል ወይም ሬስቶራንት ውስጥ ዕቃ ያጥባል፣ ቤቱ ውስጥ እናቱ ብቻዋን ምድር ቤት ትኖራለች። ያስጠጉኝ እናት ልጃቸው ካሊፎርኒያ፣ ኦክላንድ ነው ያለው። እኔ ደግሞ የመጣሁት ከኦክላንድ! ከተማዋ ውስጥ ብዙ ማም ተናጋሪ እንዳለ የሰማሁት እዚያ ተራራ ላይ ሆኜ ነው። እኚህ ሴት «ልጄ በረሃ አቋርጦ የሄደበትን አገር ትተሽ እዚህ ምን ልትሠሪ መጣሽ?» አሉኝ። ስብከት እንዳትጀምሪ። «ልማር ነው የመጣሁት፣ የምችለውንም ላግዝ» ማለት ይበቃል።

ሥራዬ ምድጃ ነበር። ሴቶቹ የሚያበስሉት በሦስት ጉልቻ ነው፣ ጭሱ ቤቱን ይሞላዋል። እኛ የምንተክለው ፕላንቻ የሚሉትን ነው። በብሎኬትና በጡብ ይታነጽና ከላይ ወፍራም የብረት ሳህን ይቀመጥበታል፣ ጭሱ በቱቦ በጣሪያ ይወጣል። ቶርቲያ የሚሉት የበቆሎ ቂጣ ይጋገርበታል፣ ቡና ይፈላበታል፣ ሁሉም ይወደዋል። ታዲያ ሦስት ጉልቻው ለምን ከጓሮ አልጠፋም? በቆሎው በኖራ ውሃ ነው የሚቀቀለው፣ ገለባው እስኪላቀቅ። ማታ ይቀቀላል፣ ያድራል፣ በማለዳ ወፍጮ ቤት ይሄዳል። ለትልቅ ቤተሰብ የሚሆነው ድስት ፕላንቻው ላይ አይመችም፣ የማገዶ በሩም ለወፍራም ግንድ ትጠባለች። በዚያ ላይ ብርዱ አለ፤ ክፍት እሳት ያሞቃል። የድርጅቱ ሪፖርት ላይ ምድጃ የተተከለበት ቤት ይቆጠራል፣ ጓሮ ያለው ጉልቻ አይቆጠርም።

ይህን ማንም በስብሰባ አልነገረኝም። ሴቶቹ ቶርቲያ በመዳፋቸው ሲጠፈጥፉ አብሬ ስጠፈጥፍ ነው የገባኝ። የኔ ወፍራምና ጠማማ ስለሚሆን ለውሻው ይደርሰው ነበር። ለዚህ ነው የመጀመሪያ ወራት ሥራሽ መቀመጥ ነው የምልሽ። ከአሜሪካ ለሄደ ሰው ከብርዱም ከቁንጫውም ይልቅ የሚከብደው ይሄ ነው፤ ምንም ሳልሠራ ዋልኩ የሚል ጭንቀት። ቻይው። ማንኛውንም ነገር ከመጀመርሽ በፊት ኮኮዴ የሚሉትን የማኅበረሰብ ልማት ምክር ቤት አስፈቅጂ፣ የትምህርት ቤቱን ርዕሰ መምህር ተዋወቂ፣ የልምድ አዋላጇን ደግሞ በፍጹም እንዳትዘያት። የሴቶቹን ጉዳይ ከማንም በላይ የምታውቀው እሷ ናት። ስብሰባው ረጅም ነው፣ ሁሉም ይናገራል። ሰዓት አትይ።

ቋንቋ። ስፓኒሽ አንቲጓ ወይም ኬትሳልቴናንጎ ከተማ ገብተሽ ተማሪ፤ አንድ አስተማሪ ለአንድ ተማሪ የሚሰጡ ትምህርት ቤቶች ሞልተዋል። መንደር ስትደርሺ ግን አሮጊቶቹ ብዙ ስፓኒሽ አያውቁም፣ ማም ነው። እዚህ ላይ ለእኛ ለሐበሾች የተሰጠ ፀጋ አለ። ፈረንጆቹ የሚያለቅሱባቸው ፈንጂ ድምፆች፣ እንደ ጠ፣ ጨ፣ ጸ ያሉት፣ ማም ውስጥም አሉ። ሰዋስው ሲያልፍ አይነካኝም፣ አነጋገሬን ግን ያደንቁልኝ ነበር።

ምግቡ ቶርቲያ፣ ጥቁር ቦሎቄ፣ እንቁላልና አትክልት ነው። ቶርቲያ ሦስቴም ይቀርባል። ለጾም ይመቻል እንዳትዪ ቶሎ፤ ቦሎቄው ብዙ ጊዜ በአሳማ ስብ ይጠበሳል። ቀድመሽ ጠይቂ፣ ለጾመኛም ላልጾመም። የእነሱ ፋሲካና የኛ አብዛኛውን ጊዜ አይገጥምም (በ2017 ዓ.ም. ገጥሞ ነበር)፣ ስለዚህ እነሱ ሲፈስኩ አንቺ ጾም ላይ ልትሆኚ ትችያለሽ። ውሃ አፍልተሽ ጠጪ። አሜባና ጃርዲያን እንደ ዘመድ የምናውቃቸው ስለሆነ አላብራራም። ቡናውን ግን ላብራራ፦ ያ ሁሉ ዝነኛ የዌዌቴናንጎ ቡና ወደ ውጭ ይሄዳል፣ ቤት ውስጥ የሚጠጣው ቀጭንና ስኳር የበዛበት ነው። ሕፃናትም ይጠጡታል። ጀበናሽን ይዘሽ ሂጂ፣ ወዳጅ ታፈሪበታለሽ።

ጋቢም ያዢ። የኩቹማታን ተራራ ከ3,800 ሜትር በላይ ይወጣል፣ መንደሮቹም ሌሊት አጥንት ይሰብራሉ። ገላ የምትታጠቢው ግቢ ውስጥ ባለች ከጭቃ በተሠራች ዝቅተኛ ጎጆ ነው። በጉልበትሽ ትገቢያለሽ፣ ድንጋዩ ግሏል፣ ውሃ ሲረጭበት እንፋሎቱ ያፍንሻል። አሮጊቷ ጀርባሽን በቅጠል እስር ትመታሻለች። ከዚያ በኋላ ሻወር የሚባል ነገር አይናፍቅሽም።

ጥቁርነትሽን በተመለከተ፣ ያዩሻል። መጀመሪያ የሚጠይቁሽ ከሊቪንግስተን ነሽ ወይ ብለው ነው፤ ጋሪፉና የሚባሉት ጥቁር ጓቲማላውያን እዚያ ካሪቢያን ዳር ስለሚኖሩ። «ኔግሪታ» (ጥቁሯ) ይሉሻል፣ አንዳንዴ በፍቅር፣ አንዳንዴ ደስ በማይል ቃና፤ ልዩነቱን ጆሮሽ ይለየዋል። ኢትዮጵያ ስትዪ ወንጌላውያኑ (ብዙ ናቸው፣ ድምፅ ማጉያቸውም እንዲሁ) ወዲያው ሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8ን ይጠቅሱልሻል። በጃንደረባው ባኮስ ስንቴ እራት እንደተጋበዝኩ! ኬላ ላይ ግን ፓስፖርትሽ ከእጅሽ አይለይ። ከብራዚል ተነስተው በኮሎምቢያና በፓናማ መሃል ያለውን የዳሪየን ጫካ ያቋረጡ ወገኖቻችን ወደ አሜሪካ ሲሄዱ በዚያ ያልፉ ስለነበር ፖሊስ ከነሱ ሊቆጥርሽ ይችላል።

ደህንነት። ከመሸ በኋላ መንገድ የለም፣ አለቀ። ከዚያ ውጭ አንድ ነገር አጥብቄ ልንገርሽ፦ የሕፃን ፎቶ ያለ ወላጅ ፈቃድ አታንሺ። በ2000 እ.ኤ.አ. ቶዶስ ሳንቶስ ከተማ ውስጥ ፈረንጅ ሕፃን ሊሰርቅ መጣ የሚል ወሬ ተነስቶ አንድ ጃፓናዊ ጎብኚና አንድ የአውቶቡስ ሹፌር በሕዝብ ተገድለዋል። ፍርሃቱ ከሜዳ አልመጣም። ከ1960 እስከ 1996 እ.ኤ.አ. በዘለቀው የእርስ በርስ ጦርነት ከ200,000 በላይ ሰው እንደሞተና እንደጠፋ፣ ማንነታቸው ከታወቀው ተጎጂዎች 83 በመቶው ማያ እንደሆኑ የእውነት አጣሪው ኮሚሽን በ1999 ገልጿል። ትልልቅ ሰዎችን «ያኔ የት ነበራችሁ?» ብለሽ አትጠይቂ። ቀይ ሽብርን ያሳለፈ ዘመድ ያለው ሰው ይህን ዝምታ ያውቀዋል። ሲፈልጉ ራሳቸው ያወሩሻል፣ ብዙውን ጊዜ በቆሎ ሲፈለፍሉ።

ድርጅት ስትመርጪ፣ ለሁለት ሳምንት ሄዶ ሕፃን አቅፎ ፎቶ የሚያስነሳውን ተይው፣ የሕፃናት ማሳደጊያ ካለበት ደግሞ ጭራሽ። መንደሩ ራሱ ጠይቆሽ እንደሆነ፣ ከአንቺ በፊት የነበረው ሰው ለምን እንደወጣ፣ አንቺ ስትወጪ ሥራውን የሚረከበው የአካባቢ ሰው ማን እንደሆነ ጠይቂ። ገንዘብ የሚያስከፍሉሽ ከሆነ ከዚያ ውስጥ መንደር የሚደርሰው ስንት እንደሆነ በጽሑፍ ይስጡሽ። ከዚህ በፊት የላኳቸውን ሰዎችም ስልክ ጠይቂና ደውዪላቸው። አንሰጥም ካሉሽ ቲኬት አትቁረጪ።