«ማስረጃ የለም» ሲባል ሰው ለምን «አይደለም» ብሎ ይሰማል?

ጥያቄ፦ በወረርሽኝ ጊዜ ለሬዲዮ የጤና መልእክት እጽፋለሁ። በቅርቡ «በሽታው ከእንስሳት ወደ ሰው እንደሚተላለፍ ማስረጃ የለም» ብዬ ጽፌ ተነበበ። አድማጮች ግን «ከእንስሳት አይተላለፍም ተብሏል» እያሉ አወሩት። እኔ እንደዛ አላልኩም። ጥፋቱ የእኔ ነው ወይስ የቋንቋው? ደግሞ «ሊሆን ይችላል» ብዬ ስጽፍ አርታኢዬ ይሰርዝብኛል። «ቁርጡን ተናገር፣ ሰው ግራ ይጋባል» ይለኛል። ምን ይሻላል?

መልስ፦ እርስዎ የጻፉት ትክክል ነው። አድማጮችዎም አማርኛ አልጠፋባቸውም። እንዲህ የሰሙበት ምክንያት እዚያው ቋንቋችን ውስጥ አለ።

«ነገ የሚመጣ አይመስለኝም» ስንል አሉታው፣ ማለትም «አይደለም» የሚያሰኘው ክፍል፣ ያረፈው «መሰለ» ላይ ነው። የምንለው ግን «የማይመጣ ይመስለኛል» ነው። «ይሳካል ብዬ አልጠብቅም» ያለ ሰውም የሚጠብቀው እንደማይሳካ ነው። እንደ መምሰልና መጠበቅ ባሉ ግሶች ላይ የዋለ አሉታ ወደ ውስጠኛው ሐሳብ ተሻግሮ ይሰማል። ይህ ጤነኛ አማርኛ ነው። ሁላችንም ቀኑን ሙሉ እንጠቀምበታለን፣ ማንም አይሳሳትበትም።

ችግሩ የሚመጣው ጆሯችን ይህንኑ ልማድ ወደ ማረጋገጥና ወደ ማስረጃ ሲወስደው ነው። እነዚህን ሁለቱን አስተያዩአቸው፦

«እንደሚተላለፍ አልተረጋገጠም።»
«እንደማይተላለፍ ተረጋግጧል።»

የመጀመሪያው ስለ እውቀታችን ይናገራል፤ ገና አላወቅንም ይላል። ሁለተኛው ስለ በሽታው ይናገራል፤ አውቀናል፣ አይተላለፍም ይላል። በመካከላቸው ያለው ርቀት የሰው ሕይወት የሚያስከፍል ነው። በድምፅ ሲሰሙ ግን የሚለያቸው የአሉታው ቦታ ብቻ ነው። በውስጠኛው ግስ ላይ «አይተላለፍም» ወደ «እንደማይተላለፍ» ሲለወጥ የመጨረሻዋ «ም» እንኳን ትወድቃለች። የቀረችው ትንሽዬ «ማ» ናት፣ እሷም በፈጣን ንባብ በቀላሉ ታመልጣለች። በዚያ ላይ አማርኛ ግሱን መጨረሻ ላይ ነው የሚያስቀምጠው። ሬዲዮ የሚሰማ ሰው ደግሞ ወደ ኋላ ተመልሶ አያነብም። ጆሮው ላይ የሚቀሩት «በሽታው»፣ «እንስሳት»፣ «የለም» ናቸው። ከእነዚህ ሦስቱ የሚሠራው ዓረፍተ ነገር አድማጮችዎ ያወሩት ነው።

ይህ የአማርኛ ብቻ ችግር እንዳይመስልዎ። እ.ኤ.አ. ጥር 14 ቀን 2020 የዓለም ጤና ድርጅት በትዊተር ገጹ ላይ አንድ መልእክት አወጣ። የቻይና ባለሥልጣናት ባደረጉት የመጀመሪያ ምርመራ አዲሱ የኮሮና ቫይረስ ከሰው ወደ ሰው እንደሚተላለፍ ግልጽ ማስረጃ አላገኙም የሚል ነበር። ዓረፍተ ነገሩ የሚናገረው ስለ ፍለጋው ነው። ብዙ ሰው ግን ስለ ቫይረሱ እንደሚናገር አድርጎ ወሰደው። በዚያው ቀን የድርጅቱ ባለሙያ ማሪያ ቫን ኬርክሆቭ ውስን መተላለፍ ሊኖር እንደሚችል ተናግረው ነበር። ያኛው ብዙ ሰው ጆሮ አልገባም። ከስድስት ቀን በኋላ፣ ጥር 20፣ ዦንግ ናንሻን የተባሉት ቻይናዊ ሐኪም ከሰው ወደ ሰው እንደሚተላለፍ በይፋ አረጋገጡ። ጥር 23 ደግሞ የዉሃን ከተማ ተዘጋች።

የባሰውም አለ። መጋቢት 28 ቀን 2020 ያው ድርጅት «ኮቪድ-19 በአየር አይተላለፍም» ሲል «ሐቅ» የሚል ርዕስ ሰጥቶ ጻፈ። እዚህ ላይ አድማጩ የሚያሻግረው አሉታ እንኳን የለም፤ ጸሐፊው ራሱ አሻግሮታል። በሐምሌ ወር 239 ሳይንቲስቶች የአየር ወለድ መተላለፍ ችላ እንዳይባል የሚጠይቅ ግልጽ ደብዳቤ ደገፉ። በ2021 ድርጅቱ በአየር ላይ በሚንሳፈፉ ጥቃቅን ቅንጣቶች እንደሚተላለፍ በግልጽ ጻፈ። ሳይንስ ሐሳቡን መቀየሩ ነውር አይደለም፣ ሥራው ነው። የሚያሳዝነው የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ለለውጥ ቦታ አለመተዉ ነው።

ታዲያ እንዴት ይጻፍ? እኔ «ማስረጃ የለም» የሚለውን ሐረግ ከጤና መልእክት ላይ ባወጣው ደስ ይለኛል። ምክንያቱም ሁለት የማይገናኙ ነገሮችን በአንድ ልብስ ይሸፍናል። አንደኛው «ተፈልጎ አልተገኘም» ነው። ሌላው «ገና አልተፈለገም» ነው። አንድ ሺህ እንስሳት ተመርምረው አንድም ካልተገኘ ያ ትልቅ ዜና ነው፣ ሰው ሊረጋጋበት ይገባል። ማንም ካልመረመረ ግን ዜናው የሚያረጋጋ አይደለም። አማርኛ ሁለቱን የሚለዩ ቀላል ግሶች እያሉት በአንድ «የለም» መጠቅለል ለምን አስፈለገ? «ከእንስሳት ይተላለፍ እንደሆነ ገና አልተመረመረም። እስኪታወቅ ድረስ የታመመ እንስሳ አትንኩ» ቢሉ ኖሮ ማንም «አይተላለፍም ተብሏል» አይልም ነበር። «እንደሚተላለፍ» በ«ይተላለፍ እንደሆነ» መተካቱንም ልብ ይበሉ። «እንደሆነ» ጥያቄውን ክፍት ያደርገዋል፣ ጆሮም አይዘጋውም።

ወደ አርታኢዎ ልምጣ። ጭንቀታቸው ይገባኛል፤ የተወላገደ መልእክት ሰው ይጎዳል። ነገር ግን «ሊሆን ይችላል»ን ሰርዞ «ነው» ማድረግ መልእክቱን ግልጽ አያደርገውም፣ ሌላ መልእክት ያደርገዋል። አማርኛ የእርግጠኝነት ደረጃዎች አሉት፣ ልዩነታቸውም ስስ ነው። «ሳይሰራጭ አይቀርም» ማለት መሰራጨቱ በጣም ይገመታል ማለት ነው። «መሰራጨቱ አይቀርም» ግን ያለጥርጥር ይሰራጫል ማለት ነው። ሁለቱ እየተቀያየሩ ሲነበቡ ሰምቻለሁ፣ ያስደነግጣል። «ይሆናል»ም ጥንቃቄ ይፈልጋል። «ይተላለፍ ይሆናል» ምናልባት ነው። «አደገኛ ይሆናል» ግን ትንቢት ነው። ለሕዝብ በሚነገር ነገር ላይ «ሊሆን ይችላል» ከ«ይሆናል» ይሻላል፤ አሻሚ አይደለማ።

«እርግጠኛ አይደለንም ካልን ሰው አያምነንም» የሚለውን ፍርሃት የፈተሹ ሰዎች አሉ። የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2020 ባሳተሙት ጥናት በርካታ ሙከራዎች አድርገዋል፣ አንዱ በቢቢሲ የዜና ድረ ገጽ ላይ ነበር። ያገኙት ነገር ለቋንቋ ሰው በጣም ደስ ይላል። ጥርጣሬው «ከዚህ እስከዚህ» ተብሎ በቁጥር ሲነገር የሰው እምነት የሚቀንሰው ጥቂት ነው። «ትንሽ ከፍ ወይም ዝቅ ሊል ይችላል» ዓይነት በቃል ብቻ ሲነገር ግን የበለጠ ይቀንሳል። ስለዚህ ቁጥር ካለዎት «ወደ አምስት መቶ ገደማ» ከማለት «ከ450 እስከ 550» ይበሉ። አርታኢዎም ቁርጡን የሚፈልጉት ከሆነ የጥርጣሬው ልክ ራሱ ቁርጥ ነው።

የመጨረሻው፣ «ተብሏል» ነው። አድማጮችዎ ወሬውን ያሰሩት በዚህ ቃል ነው፣ ከእኛም ከጋዜጠኞችና ከጸሐፊዎች ነው የተማሩት። «ተብሏል» ያለውን ሰው ይሰውራል። በሰላም ጊዜ ይህ ስንፍና ብቻ ሊሆን ይችላል። በወረርሽኝ ጊዜ ግን ሰሚው ማንን ማመን እንዳለበት የሚለይበትን መንገድ ይነጥቀዋል። መርማሪው ማን እንደሆነ ይጻፉ፣ ምን ያህል እንደመረመረ ይጻፉ። ከሁሉ በላይ «እስካሁን» ብቻ ብለው አይተዉት፤ «እስከ ትናንት ማታ ድረስ» ወይም «እስከዚህ ወር 12 ድረስ» ይበሉ። ቀኑም ከግሱ አጠገብ ይሁን። ከጽሑፉ ራስጌ ላይ ብቻ የተቀመጠ ቀን ሰዎች መልእክቱን በስልክ ሲቀባበሉት ተቆርጦ ይቀራል።