«ዘላቂ» የሚባሉ ፈንዶችን እንዴት እንመርምር? ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ የብዙ ቆጣቢዎችን ገንዘብ ሰብስቦ አክሲዮንና ቦንድ የሚገዛ አንድ ፈንድ ስሙ ላይ «ዘላቂ» የሚል ቃል አለ፤ አካባቢንና ማኅበረሰብን አይጎዳም ለማለት ነው። አምኜ ገንዘቤን ላስገባ?

መልስ፦ መጀመሪያ የያዛቸውን አክሲዮኖችና ቦንዶች ዝርዝር ይመልከቱ። የአውሮፓ ኅብረት የገበያ ተቆጣጣሪ ባወጣው መመሪያ እንዲህ ያለ ስም የያዘ ፈንድ ቢያንስ 80 በመቶ ሀብቱን በገባው ቃል መሠረት ማዋል አለበት። ቀሪው 20 በመቶ የት እንደገባ የሚነግርዎ ዝርዝሩ ነው።

ጥያቄ፦ «ከድንጋይ ከሰል የጸዳ» ቢልስ?

መልስ፦ ብዙ ሰው የሚታለለው እዚህ ላይ ነው። ሰነዱን ዘልቀው ሲያነቡ «ከገቢው ከ10 በመቶ በላይ ከድንጋይ ከሰል የሚያገኝ ድርጅት አይካተትም» የሚል ዓይነት ወሰን ሊያገኙ ይችላሉ። እንግዲህ 9 በመቶ የሚያገኝ ግዙፍ ኩባንያ፣ የሚያወጣው ከሰል ከብዙ ትናንሽ ኩባንያዎች ቢበልጥም፣ ይገባል ማለት ነው።

እንዲህ ያለው ማጣሪያ ከፈንዱ ሀብት ስንቱን እንደሚሸፍንም ይጠይቁ። ቫንጋርድ አውስትራሊያ የተባለው የፈንድ አስተዳዳሪ ድርጅት «ሥነ ምግባርን ያገናዘበ» ብሎ በሸጠው የቦንድ ፈንድ ውስጥ በገበያ ዋጋ 74 በመቶ ገደማ የሚሆኑት ቦንዶች በማጣሪያው ጨርሶ አልተመረመሩም ነበር። ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2024 የ12.9 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር ቅጣት ጥሎበታል። ቆጣቢው ግን ይህን ከስሙ ሊያውቅ አይችልም ነበር፤ እኔን የሚያናድደኝም ይኸው ነው።

ጥያቄ፦ የኢ.ኤስ.ጂ. ነጥቡ (ኩባንያዎች በአካባቢ፣ በማኅበራዊና በአስተዳደር ጉዳዮች የሚሰጣቸው ነጥብ) ከፍተኛ ከሆነስ?

መልስ፦ ነጥቡ ምን እንደሚለካ ይለዩ። ብዙ ጊዜ የሚመዘነው የአየር ንብረት ለውጥ በኩባንያው ትርፍ ላይ የሚያመጣው ስጋት እንጂ ኩባንያው በአካባቢ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት አይደለም። አንዱ ነጥብ ሰጪ ያሞገሰውን ሌላው ዝቅ ሲያደርገው ማየትም የተለመደ ነው።

ጥያቄ፦ ፈንዶች የሚመደቡባቸው፣ በአውሮፓ ኅብረት የዘላቂ ፋይናንስ መረጃ ደንብ ውስጥ ያሉት «አንቀጽ 8» እና «አንቀጽ 9» የጥራት ማረጋገጫ ናቸው?

መልስ፦ አይደሉም። በዋናነት ፈንዱ ምን መረጃ ይፋ ማድረግ እንዳለበት ይወስናሉ።

ጥያቄ፦ አንድ የነዳጅ ኩባንያ ልቀቴን (ወደ አየር የምለቀውን የሙቀት አማቂ ጋዝ) በግማሽ እቀንሳለሁ ብሏል። ልመነው?

መልስ፦ የትኛውን ልቀት? ከጉድጓዱና ከማጣሪያ ጣቢያው የሚወጣውን ብቻ ከሆነ ትልቁን ትቶታል፤ አብዛኛው የሚመጣው የሸጠው ነዳጅ በደንበኞቹ እጅ ሲቃጠል ነው። ይህ «ስኮፕ 3» በሚባለው የልቀት ክፍል ውስጥ ይመደባል። ግቡ «በአንድ በርሜል» የተለካ ከሆነም ይጠንቀቁ፤ ምርቱ ከጨመረ ጠቅላላው ልቀት ሊያድግ ይችላል።

ጥያቄ፦ ፈንዱን ምን ብዬ ልጠይቅ?

መልስ፦ «ባለፈው ዓመት በአካባቢ ጉዳይ ምክንያት የየትኞቹን ድርጅቶች አክሲዮን ሸጣችሁ? በየትኛው የባለአክሲዮኖች ጉባኤ ላይ የአስተዳደሩን ሐሳብ ተቃውማችሁ ድምፅ ሰጣችሁ?» ብለው በጽሑፍ ይጠይቁ። የምር የሚሠራ ፈንድ በስም ይዘረዝርልዎታል። ጥያቄውን አልፎ ስለ ራዕዩ ብቻ ከጻፈልዎ ሌላ ፈንድ ይፈልጉ።